ሐምሌ በምጽዋ

በ1987 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደባርቅ ላይ የነበረው የይግዛው ቤት ሁለት ክፍልና አንድ ማድ ቤት ነበረው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው የጭቃ ምርጊት ነው። ከቤቱ ደጃፍ እስከ አየር ጠባይ መለኪያው ግቢ ሦስት መቶ አሥር እርምጃ ነው። ይግዛው ይህችን መንገድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመላልሶባታል። ነጩን የእንጨት ሳጥን ይከፍታል፤ ሁለቱን ቴርሞሜትሮች ያነባል፤ የዘነበ እንደሆነ ውኃውን በብርጭቆ መስፈሪያ ይሰፍራል፤ በመዝገቡ ላይ ይጽፋል። በዚያ ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ሦስት ነጥብ ስምንት ዲግሪ ነበር። ዝናብ የለም። ነፋሱ ከሊማሊሞ በኩል ነው። ሚስቱ የትናየት ከቤት እስከ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አራት ጊዜ ቆማ ታርፋለች።

ይህን የመጨረሻውን ቁጥር በመንግሥት መዝገብ ላይ አልጻፈውም። በኪሱ በሚይዛት ትንሽ ደብተር ላይ ነው ያሰፈረው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምታርፈው። አስሟ በየክረምቱ ይብስባታል። ሰኔ ገብቶ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ከተማውን ሲያለብስ፣ የትናየት ትራስ ደራርባ ቁጭ እንዳለች ታድራለች፤ ደረቷ እንደ ፉጨት ይጮኻል። ልጅ አልወለዱም። በዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው የእሷ ደረትና የቆርቆሮው ዝናብ ብቻ ነው።

በወሩ መጨረሻ ጎንደር ወሰዳት። ሐኪሙ ወጣት ነው። ደረቷን ከፊትም ከኋላም አዳመጠና ወደ ይግዛው ዞረ።

“ደባርቅ ከፍታው ምን ያህል ነው?”

“ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሜትር።”

ሐኪሙ ሳቀ። “ሌላው ሰው ብርድ ነው ብሎ ነው የሚመልስልኝ።”

“ብርዱንም ከፈለጉ በወር በወሩ ልነግርዎ እችላለሁ።”

“አያስፈልግም። ይኸውልዎ አቶ ይግዛው፣ መድኃኒት እሰጣታለሁ። ብርዱና ጉሙ እያለ ግን መድኃኒቱ ብቻውን ብዙ አይረዳትም። ሌላ አገር ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳርቻ ሂዱ፣ ፀሐይ ሙቁ እላችሁ ነበር።”

“ሌላ አገር የት?”

“እንዲያው ነው ያልኩት” አለ ሐኪሙ፤ የመድኃኒቱን ወረቀት ጽፎ ሰጠው።

ይግዛው እንዲያው የሚባል ነገር አያውቅም። ሐኪም የተናገረው ሁሉ ለእሱ ትእዛዝ ነው። ሲመለሱ በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ኮሶዬን አልፈው ብርዱ በመስኮቱ መግባት ሲጀምር፣ የትናየት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አጣፍታ፣

“ፀሐይ ሙቁ ነው ያለው? ፀሐይማ ደጃችንም አለ” አለች።

“የእኛ ፀሐይ ያበራል እንጂ አያሞቅም።”

“ሃያ ሁለት ዓመት ለክተኸው ዛሬ ነው የምትነግረኝ?” ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነና እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ አልቆመላትም።

ይግዛው ቤት እንደገባ ወረቀት አወጣ። ሁመራን ጻፈ፤ ወባ አለበት ብሎ ሰረዘው። መተማን ጻፈ፤ በዚያው ምክንያት ሰረዘው። ባሕር ዳርን ጻፈ፤ ሐይቅ እንጂ ባሕር የለውም፣ ከፍታውም አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ነው፤ ሰረዘው። ምጽዋ ቀረች። እሱ ተማሪ ሳለ ምጽዋ በግድግዳው ካርታ ላይ የአገሩ ወደብ ነበረች። አሁን ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች የሌላ አገር ከሆነች። መንገዱ ግን ያው የጥንቱ መንገድ ነው፤ በደባርቅ መካከል አልፎ በሊማሊሞ ይወርድና በሽሬ፣ በአክሱም፣ በአስመራ አድርጎ ባሕሩ ላይ ያልቃል።

የይግዛው ሥራ አንድ ትልቅ ሕግ አለው። ያልለካኸውን አትጽፍም። ብትታመም፣ ለቅሶ ብትሄድ፣ አንድ ቀን ቢያመልጥህ፣ በዚያ ቀን ቦታ ሰረዝ ታደርጋለህ። ሰረዝ ነውር የለበትም፤ ግምት ነው ነውሩ። የዳባቱን ዝናብ መለኪያ የሚጠብቀው ደምለው አንድ ግንቦት ሠርግ ሄዶ አምስት ቀን ቀረና፣ ሲመለስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቁጥር ሞላ። ይግዛው መዝገቡን ገና እንዳየው ጠራው።

“አንተ ደምለው፣ ሦስት ነጥብ ሁለት፣ እንደገና ሦስት ነጥብ ሁለት። ይህ ዝናብ መንታ ነው እንዴ?”

“ጋሼ፣ ዘንቧል እኮ! ሰው ሁሉ ነግሮኛል።”

“ሰው ሁሉ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?”

ይግዛው አምስቱንም ቁጥር በቀይ አሰርዞ፣ አምስት ሰረዝ አስደርጎ፣ አስፈርሞት ሰደደው። ይህን ታሪክ የትናየት በቃሏ ታውቀዋለች፤ ለእንግዳ ሁሉ ይነገራል።

ጥር ላይ ፈቃድ ጠይቆ ብቻውን ምጽዋ ወረደ። የመሥሪያ ቤቱን ቴርሞሜትር ለግል ጉዳይ አይወስድምና ጎንደር ከአንድ መድኃኒት መደብር የገዛውን ይዞ ነው የሄደው። አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት የወደቡን የቀድሞ መዝገብ በደብዳቤ ሊጠይቅ አስቦ ነበር፤ የመንግሥት ወረቀትና ማኅተም ለራስ ቤት መግዣ ማዋል ግን ልክ አልመሰለውም፤ ተወው። ከሁሉም በላይ በገዛ ዓይኑ የሚያነበውን ያምናል።

ሰባት ቀን ለካ። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጥላ ውስጥ፣ አማካዩ ሃያ ሰባት ነጥብ አምስት ዲግሪ ነበር። ነፋሱ ለስላሳ፣ ባሕሩ ሰማያዊ ነው። ሰው በየደጃፉ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። የሚያስል ሰው አንድም አላየም። በአምስተኛው ቀን ካፊያ ወረደ። ይግዛው በጥር ዝናብ በማየቱ ገረመውና በደብተሩ ላይ “ያልተለመደ” ብሎ ጻፈ።

ቤቱን የሸጠለት ሳልሕ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ በወደቡ ላይ ብዙ ዓመት ጭነት ሲያወርድ የኖረ፣ አማርኛውም ከባሕር ኃይል ሰዎች የተማረው ነው። ቤቱ ከባሕር ድንጋይ የተሠራ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ግድግዳ ላይ የጦርነቱ ፍንጣሪ የበሳቸው ቀዳዳዎች አሉ። ይግዛው ቆጠራቸው፤ አሥራ ሰባት ናቸው። ጣሪያውን፣ የውኃውን ቧንቧ፣ የግቢውን ወሰን አንድ በአንድ ጠየቀ። ሳልሕ ሁሉንም መለሰና በመጨረሻ እሱም አንድ ነገር ጠየቀ።

“ሙቀቱን ትችሉታላችሁ?”

“በስንት ዲግሪ?”

“እኔ ዲግሪ አላውቅም ወንድሜ። ሙቀት ነው፣ ሙቀት!”

ይግዛው በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ዲግሪ የማያውቅ ሰው ቃል ለእሱ ከደምለው “ሰው ሁሉ ነግሮኛል” አይለይም። ሳልሕም ሊሸጥ የመጣ ሰው ነውና ነገሩን አላጠበቀውም። እሱ ራሱ ጊንዳ የምትባል በአስመራ መንገድ አጋማሽ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ፣ ልጁ ዘንድ ሊኖር ነው። ውሉ ሲጻፍ በይግዛው ስም ትይዩ “የውጭ አገር ዜጋ” የሚል ገባ። ይግዛው ሁለት ጊዜ አነበበው። ልክ ነው፤ ፈረመ።

ሲመለስ አስመራ አደረ። ጠዋት ከሻይ ቤት ተቀምጦ የአሥራ ሁለት ወር ሰንጠረዥ በመስመሪያ አሰመረ። በጥር ላይ የለካውን ሃያ ሰባት ነጥብ አምስት ጻፈ። አሥራ አንዱ ባዶ ነበር። የደባርቅን የሃያ ሁለት ዓመት አማካይ በቃሉ ያውቀዋል፤ ሚያዝያ ከጥር በሦስት ዲግሪ ይሞቃል፣ ሐምሌ ደግሞ ደመናና ዝናብ ነውና ከጥር በሦስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ያንን ልዩነት አንሥቶ በምጽዋ ላይ ደመረው። ሚያዝያ፣ ሠላሳ ነጥብ አምስት። ሐምሌ፣ ሃያ አራት ነጥብ አምስት። አሥራ አንዱም ተሞሉ። ሰንጠረዡ ሲያዩት ያምራል፤ ሰረዝ የለበትም።

በየካቲት ጡረታውን አስወጣ። የደባርቅ ቤታቸው ለአንድ ቤተሰብ ተሸጠ። የትናየት ወንድሟን መንግስቴን ለመሰናበት ዳባት ወረዱ። መንግስቴ ገብስና ስንዴ የሚያርስ፣ ሃምሳ ያህል በግ ያለው፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ታናሿ ስለሆነ እታለም ይላታል።

“እታለም፣ አሸዋ ላይ ምን ልትዘሪ ነው?”

“ራሴን ነዋ! ፀሐይ ላይ እሰጣለሁ፣ ስደርቅ ትወቁኛላችሁ።”

“ጋሼ፣ አንተስ? ሰማይ የሚያስነብብህ መንግሥት እዚያ አለ?”

“እዚያ ለራሴ አነባለሁ” አለ ይግዛው።

መንግስቴ ቀልዱን ተወና አጎነበሰ። “እንዲያው ይቺን እህቴን ከእኔ አርቀህ የምትወስዳት፣ እርግጠኛ ሆነህ ነው?”

ይግዛው ሰንጠረዡን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። መንግስቴ ማንበብ አይችልም። ያም ሆኖ ወረቀቱን አስተውሎ አየው፤ በመስመሪያ የተሰመረ፣ ንጹሕ፣ ቁጥሩ በረድፍ በረድፍ የቆመ ነው። “ይሁን እንግዲህ፣ አንተ ያልከው አይሳሳትም” አለ፤ ገብቶ አንድ የበግ ደበሎ አምጥቶ በእህቱ ትከሻ ላይ ጣለላት።

“ለምጽዋ ደበሎ!” አለች የትናየት።

“ለሊማሊሞ ነው። እስክትወርጂ ይበርድሻል።”

ፋሲካን ደባርቅ ውለው፣ ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ተነሡ። በአምስተኛው ቀን ምጽዋ ገቡ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ሚያዝያ ሠላሳ ቀን የትናየት ከቤታቸው እስከ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስምንት መቶ አርባ እርምጃ ሄደች፤ አንድ ጊዜም አልቆመችም። ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ እግሯን በፀሐይ ዘርግታ ተቀምጣ ሳለ፣ “ይግዛው፣ ና እስቲ” ብላ ጠራችው።

“ምን ሆንሽ?”

“ጆሮህን እዚህ አድርግ።”

በጉልበቱ ተንበርክኮ ጆሮውን ደረቷ ላይ አደረገ። ልቧ ይመታል። ሌላ ድምፅ የለም።

“አያፏጭም” አለች። “ሰማህ? ዝም አለ።”

ይግዛው እንደዚያው ሆኖ ብዙ ቆየ። ሲነሣ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ ሄዶ ቴርሞሜትሩን አነበበ። ሠላሳ ሁለት። ከግምቱ በአንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ይበልጣል።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ጎረቤት አወቁ። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ትባላለች፤ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነች። ከባሕር ኃይል ባሏ ጋር መጥታ፣ ባሏ ሞቶ፣ መንግሥት ተለውጦ፣ እሷ ሻይ እየሸጠች እዚያው የቀረች ሴት ናት። የአገሯን ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏት በየቀኑ ትመጣለች። አንድ ቀን ነጠላዋን እያራገበች፣

“ኧረ ለመሆኑ ክረምቱን የት ልታሳልፉ ነው?” አለች።

“የት እንሄዳለን? እዚሁ ነዋ” አለች የትናየት።

ጽጌሬዳ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሁለቱንም አየቻቸውና ሳቋን አቆመች። “የምርሽን ነው? ሐምሌን? እንኳን አንቺ ደረትሽን የሚያምሽ፣ ግመል እንኳ በሐምሌ እዚህ አይቆምም። አቅም ያለው ሁሉ ጊንዳና አስመራ ነው የሚወጣው።”

“ሐምሌ ደመና ይሆናል” አለ ይግዛው። “ዝናቡ ሲጀምር ይቀንሳል።”

“የምን ዝናብ አቶ ይግዛው? እዚህ የሚዘንበው በገና በጥር ነው። ይህን ማን ነገረዎት?”

“ሒሳቡ።”

“ሒሳቡ ምጽዋን ያውቃታል?”

የትናየት ስለ ባሏ ተቆጣች። “ይግዛው በለካው ነገር ተሳስቶ አያውቅም” አለች። ጽጌሬዳ ትከሻዋን ነቅንቃ ተነሣች።

በዚያ ማታ ይግዛው ደብተሩን ገለጠ። በጥር፣ በለካበት አምስተኛ ቀን፣ ለካፊያው “ያልተለመደ” ብሎ የጻፈውን አየ። ረዥም ጊዜ አየው። ከዚያ ደብተሩን ዘጋ። አንድ ሻይ ሻጭ የተናገረችውን ይዞ ሰንጠረዥ አይሰረዝም፤ ማስረጃ ያስፈልጋል አለ በልቡ። የሚያስፈልገው የአንድ ወር ሙሉ ንባብ ነው።

ሰኔ ሲገባ ሠላሳ ሰባት ሆነ። ከዚያ ሠላሳ ዘጠኝ። ጎረቤቶቹ ፍራሻቸውን በመኪና ጣሪያ ላይ እየጫኑ መውጣት ጀመሩ። መንገዱ ጭር አለ። መሥሪያ ቤቶች በጠዋት ተከፍተው ፀሐይ ሳትከር ይዘጋሉ። ሰኔ ዘጠኝ ቀን አቧራ የተሸከመ ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ መጣና ሦስት ቀን ነፈሰ። በሦስተኛው ቀን የየትናየት ደረት እንደገና አፏጨ።

ደባርቅ የለመደችው መታፈን ሌላ ነበር፤ ያኛው ብርድ ልብስ ሲደርቡላት፣ ትኩስ ነገር ስትጠጣ ይለቃታል። ይህኛው መሸሻ የለውም። ግድግዳው ይግላል። ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ይግላል። ልብሷ በላብ ተጣብቆባት፣ አፏን ከፍታ፣ አየሩን እንደሚታኘክ ነገር ታላምጠዋለች። ይግዛው እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ ያደርጋል፤ በሰሌን ያራግባል። ጠዋት ሦስት ሰዓትና ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይነሣና ያነባል።

“ሐምሌ ይግባ ብቻ” ይላታል።

ሐምሌ ገባ። በአንደኛው ቀን አርባ ነጥብ አምስት፣ በሁለተኛው አርባ አንድ፣ በሦስተኛው አርባ አንድ ነጥብ ስምንት አነበበ። ሰማዩ ነጭ ነው፤ ደመና የለም። ጽጌሬዳ በየጠዋቱ መጥታ የምትለው አንድ ነገር ነው።

“ጊንዳ ሰባ ኪሎ ሜትር ናት! በግማሽ ቀን ትደርሳላችሁ። ሳልሕ ራሱ እዚያ ነው ያለው፣ ማደሪያ አያሳጣችሁም። ምን እየጠበቁ ነው አቶ ይግዛው?”

“ወሩ ይሙላ።”

“ወሩ ሞልቶ ምን ሊሆን?”

“አማካይ የሚወጣው ወሩ ሲሞላ ነው። አሥር ቀን ላይ ተመሥርቶ አይወሰንም። ሁለተኛው አጋማሽ ሊወርድ ይችላል።”

ጽጌሬዳ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። “እኔ ስለ ሰው ነው የማወራዎት!”

ይግዛውም ስለ ሰው ነው የሚያስበው። ተሳስቷል ቢባል፣ ሚስቱን ካገሯ ነቅሎ፣ ቤቷን ሸጦ፣ ከወንድሟ ለይቶ ያመጣት በስህተት ነው ማለት ነው። ይህን ለመናገር በቂ ማስረጃ ይፈልግ ነበር። ሐምሌ ሃያ ላይ ሲያነብ አርባ ሦስት ነጥብ ሁለት ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት የትናየት፣ ትንሽ የተሻላት ሰዓት ነበር፣ “ያንን ወረቀት አምጣው እስቲ” አለችው። አመጣላት። አሥራ ሁለቱን ቁጥር በጣቷ እየተከተለች አየች። ፊደል ቆጥራለች፤ ቁጥርም ታነባለች።

“ጥርን ለክተሃል።”

“ለክቻለሁ።”

“የቀሩትንስ?”

ይግዛው የሚያራግብበትን ሰሌን መሬት ላይ አኖረው።

“አሥራ አንድ ሰረዝ ማድረግ ነበረብህ” አለች። አልተቆጣችም። እንደ ልማዷ ልትቀልድ ፈልጋ ነበር፤ “ደምለው ይህን ቢሰማ…” ብላ ጀመረችና ትንፋሿ አላስጨረሳትም።

ይግዛው ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ። “እንሄዳለን” አለ። “ወሩ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። በሠላሳ አወጣውና እንሄዳለን።”

በዚያች ቀን ቢነሡ ምን ይሆን እንደነበር የሚያውቅ የለም። ሐምሌ ሠላሳ ቀን ማታ የዘጠኝ ሰዓቱን ንባቦች ደመረ፣ ለሠላሳ አካፈለ። አርባ አንድ ነጥብ አራት ወጣ። ከግምቱ በአሥራ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ ዲግሪ ይበልጣል። በማግስቱ መኪና ፍለጋ ወጣ። አስተኝቶ የሚወስዳት የጭነት መኪና ለነሐሴ አራት ቀን ተገኘ።

ነሐሴ አንድ ግን ፍልሰታ ገባች። የትናየት ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ፍልሰታን በአንዲት ቀን እንኳ አፍርሳ አታውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ በአፏ አይገባም። ደባርቅ እያለች፣ በጉምና በብርድ፣ ይህ ምንም አልነበረም። ምጽዋ ላይ ግን ሰው በየሩብ ሰዓቱ ውኃ ካልጠጣ ይወድቃል። ይግዛው የማርያምን ቄስ ይዞ መጣ።

“ልጄ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም” አሉ ቄሱ። “ጠጪ። እኔ ፈቅጄልሻለሁ፣ በእኔ ይሁን።”

“እሺ አባ” አለች። ቄሱ ሲወጡ ግን ብርጭቆውን ወደ ጎን አደረገችው።

“የትናየት፣ እባክሽን።”

“አንተ ወሩ ካልሞላ አይሆንም አላልክም?” አለችው። “እኔም ዘጠኝ ሰዓት ካልሞላ አልጠጣም። ተወኝ፣ ያለዚህ ከአገሬ ምን ቀርቶኛል?”

ሊያስገድዳት አልቻለም። ሰዓቱን ይዞ ከአጠገቧ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብርጭቆውን ራሱ በአፏ አደረገላት፤ ግማሹን ጠጣች። በሁለተኛው ቀን ሩቡን ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጽጌሬዳ ሻይዋን ትታ ስትሮጥ መጣች፤ ይግዛው ሲጣራ የሰማችው ከመንገዱ ማዶ ሆና ነው። ስትገባ የትናየት ጭንቅላቷ በባሏ ጉልበት ላይ ነበር። ደረቷ ዝም ብሏል።

የነሐሴ አራቱን መኪና አልሰረዘውም። ብቻውን ተሳፈረበት፤ አስመራ ላይ አውቶቡስ ያዘ። ጊንዳን ሲያልፍ ጠዋት ነበር፤ ሰዎች ነጠላ ደርበው ይሄዳሉ፣ ከኮረብታው ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወርዳል። ሳልሕን ፈልጎ አልወረደም።

ነሐሴ ስምንት ቀን ሊማሊሞን ሲወጣ ጉም ነው፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር ርምጃ ያህል ነው የነዳው። ደባርቅ ላይ አልወረደም። ዳባት ሲደርስ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ይዘንብ ነበር። በምጽዋ ስስ ሸሚዝ ጭቃውን እያቋረጠ ወደ መንግስቴ ቤት ሲመጣ፣ መንግስቴ ከማሳው ዳር ሆኖ ከሩቅ አየው። ብቻውን መሆኑን አየ። የያዘውን መኮትኮቻ ጣለው። መርዶ ነጋሪ አላስፈለገም።

ቤቱ ሞላ። ሰው ሲያለቅስ ቆይቶ ሲረግብ፣ መንግስቴ የራሱን ጋቢ አምጥቶ በሚንቀጠቀጠው የእህቱ ባል ትከሻ ላይ አደረገለትና አጠገቡ ተቀመጠ።

“ጋሼ፣ ንገረኝ እስቲ። ምን ነበር?”

ይግዛው ነገረው። ምንም አልደበቀም። በጥር ሰባት ቀን ብቻ እንደለካ፣ የቀረውን በደባርቅ ሒሳብ እንደሞላው፣ ጽጌሬዳ እንደነገረችው፣ ወሩ እስኪሞላ እንደጠበቀ፣ ሁሉንም በየቀኑ ነገረው። መንግስቴ ሳያቋርጥ ሰማ።

“ከመግዛትህ በፊት ክረምታቸው እንዴት ነው ብለህ ማንን ጠየቅህ?”

“ማንንም።”

“አንድ ሰው?”

“አንድም ሰው።”

ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ በረታ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሙሾ ልታወጣ ስትል መንግስቴ በእጁ ዝም አሰኛት።

“መቼ አረፈች?”

“ነሐሴ ሦስት፣ ረቡዕ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ።”

“መቼ ተቀበረች?”

ይግዛው ጋቢውን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። “በዚያው ቀን። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ።”

“የማታውን ሦስት ሰዓት?”

“የጠዋቱን። ቄሱ አይቆይም አሉ። በዚያ ሙቀት አይቆይም።”

ዳባት ላይ ወንድም ሳይደርስ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ አስከሬን ከቤት አይወጣም፤ ከመካነ ብርሃን በእግሩ የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው አድሮ ነው የሚቀበር። መንግስቴ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ተነሥቶ በጣቱ ቆጠረ። አላመነም፤ እንደገና ቆጠረ። ቀና ብሎ ይግዛውን አየው።

ይግዛው ሒሳቡን ነገረው። ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበር።